«ተኝተው የታከሙ ቀነሱ»፦ በመሀል አዲስ አበባ የአንድ የአረጋውያን እንክብካቤ ፕሮግራም ግምገማ

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

በመሀል አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ አቅማቸው ለደከመ አረጋውያን የተቀናጀ እንክብካቤ መስጠት ጀመረ። ዓመት ሲሞላው ሥራው ተገመገመና «ፕሮግራሙ ሆስፒታል ተኝቶ መታከምን በእጅጉ ቀንሷል» የሚል ሪፖርት ወጣ። ሪፖርቱን ካዘጋጁት አንዱ እኔ ነበርኩ። ድምዳሜው ስህተት ነበር። ቁጥር አልፈጠርንም፣ የዋሸ ሰው አልነበረም፣ ድምሩም ልክ ነበር። ስህተቱ የተቀመጠው ማንን ከማን ጋር እንዳነጻጸርንና ማንን ሳናየው እንደቀረን ላይ ነው።

ሌሎች ጤና ጣቢያዎችም ለአረጋውያን ተመሳሳይ ሥራ ሊጀምሩ ሲያስቡ እሰማለሁ። እኛ የተሳሳትንበት ቦታ ላይ እነሱም እንዳይሳሳቱ ጉዳዩን እንደነበረ አስፍሬዋለሁ። ሰዎቹ፣ ጤና ጣቢያውና ሆስፒታሉ አልተጠቀሱም፤ ሰው ሊያሳውቁ የሚችሉ ጥቃቅን ነገሮችንም ቀይሬያለሁ።

መነሻው

ጤና ጣቢያው የሚያገለግለው በፒያሳ ዙሪያ ያሉ ነባር ሰፈሮችን ነው። ቤቶቹ በአብዛኛው የቀበሌ ቤት ናቸው፤ ግቢው የጋራ፣ መጸዳጃ ቤቱም የጋራ። ልጆች ትዳር ሲይዙ ወደ ኮንዶሚኒየም ይሄዳሉ ወይም ውጭ አገር ይወጣሉ። አረጋውያኑ ከአንድ የልጅ ልጅ ወይም ከቤት ሠራተኛ ጋር፣ አንዳንዴም ብቻቸውን ይቀራሉ። ቤታቸውን አንኳኩቶ «አደራችሁ ወይ» የሚላቸው ጎረቤትና የእድር ሰው ነው።

ሕመማቸው አንድ አይደለም። ደም ግፊት ያለበት ሰው ስኳርም አለበት፤ ጉልበቱን ያመዋል፤ ዓይኑ ሞራ ጀምሮታል፤ ጆሮውም ከብዷል። የጤና አገልግሎታችን ግን የተሠራው በሽታን ነጣጥሎ እንዲያክም ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲነደፍ በዋነኛነት የታሰቡት እናቶችና ሕፃናት፣ ተላላፊ በሽታዎችና የአካባቢ ንጽሕና ነበሩ፤ ትልቅ ውጤትም አስገኝቷል። አምስት ሕመም ይዞ ከቤት መውጣት ያቃተው የ80 ዓመት ሰው ግን በዚያ አሠራር ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ ለግፊቱ በአንድ ቀን ጤና ጣቢያ፣ ለዓይኑ በሌላ ቀን ሆስፒታል፣ ጉልበቱ ሲብስበት ደግሞ ሰፈር ውስጥ ወዳለ የግል ክሊኒክ ይሄዳል። ሦስቱም ቦታ ካርድ አለው። ሦስቱ ካርዶች ተገናኝተው አያውቁም።

ፕሮግራሙ እነዚህን ለማገናኘት የታሰበ ነው። አንዲት ነርስ አስተባባሪ ሆነች። አንድ ጤና መኮንን፣ የጤና ጣቢያው ፋርማሲ ባለሙያና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቡድኑ ውስጥ ገቡ። ከሰፈሩ ሁለት እድሮችም ተወካይ ተላከ። ቡድኑ ቤት ለቤት እየሄደ ያያል፣ መድኃኒት ያስተካክላል፣ ቀጠሮዎችን በአንድ ቀን እንዲሆኑ ይጠይቃል፣ ከሆስፒታል የወጣ ሰው ካለ በሳምንቱ ውስጥ ይጎበኛል። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ደብተር ተሰጠ፤ ያከመ ሁሉ እዚያው ላይ እንዲጽፍ።

የመጀመሪያው ግምገማ

በጀቱን የሚፈቅዱት ኃላፊዎች የጠየቁን አንድ ጥያቄ ነው፦ «ተኝቶ መታከምን ቀንሷል ወይ?» ጥያቄው ያለ ምክንያት አልተነሳም። የሆስፒታል አልጋ ውድ ነው፣ ተራውም ረጅም ነው፣ ለቤተሰብም ማስታመም ማለት ሥራ ፈትቶ በሆስፒታል ኮሪደር ማደር ነው። እኛም ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት የነበሩትን ስድስት ወራት ከጀመረ በኋላ ካሉት ስድስት ወራት ጋር አነጻጸርን። ልዩነቱ ግልጽ ነበር፤ ተኝተው የታከሙት በጣም አንሰዋል። ሁላችንም ደስ አለን። ነርሷ እንባ አውጥታ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ያንን ዓመት በእግሯ ነበርና ሰፈሩን የዞረችው።

ጥርጣሬውን ያመጣው ከእድሮቹ የአንዱ ጸሐፊ ነው። ውጤቱን ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ስናቀርብ ዝርዝሩን አገላብጦ አየና፣ በእድሜ ከእኔ አባት የሚበልጥ ሰው ስለሆነ ለስለስ አድርጎ፣ «ልጄ፣ እኚህንና እኚህን እኮ ቀብረናቸዋል» አለኝ።

እውነቱን ነበር። የሞቱት ሰዎች ከሞቱበት ቀን በኋላ ሆስፒታል ስላልተኙ በሠንጠረዣችን ላይ «0» ተጽፎላቸው፣ እንደ ጥሩ ውጤት ተቆጥረው ነበር።

ስህተቱ ሲፈተሽ

የሞቱትን ለማግኘት ወደ ራሳችን መዝገብ አልሄድንም፤ ወደ እድሩ መዝገብ ሄድን። እድር ማን መቼ እንደሞተ፣ ድንኳን መቼ እንደተተከለ፣ ለቤተሰቡ ስንት ብር እንደተከፈለ ቀን በቀን ይጽፋል። በሰፈር ደረጃ የሞት መዝገብ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። አንድ ጉድለት አለው፤ መዋጮ መክፈል አቅቷቸው ከእድር የወጡ ወይም ያልገቡ ድሆች አይገኙበትም። እነዚያን ከጎረቤት ጠየቅን።

ሌላው የሪፖርታችን ጉድለት ከሰፈሩ የተነሱት ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ በፒያሳና በዙሪያው ያሉ ነባር ሰፈሮች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማዋ ዳር ሄዱ። ከእኛ አረጋውያን መካከልም የሄዱ ነበሩ። በሄዱበት ቢታመሙ የሚወሰዱት ወደዚያው አካባቢ ሆስፒታል ነው፤ የእኛ ሆስፒታል ካርድ ክፍል አያውቃቸውም። እነሱም «0» ተብለው ተቆጥረዋል። በግል ሆስፒታል የተኙትም እንደዚሁ።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ ለማስረዳትም ጊዜ ይፈልጋል። ወደ ፕሮግራሙ ያስገባናቸው አብዛኞቹ በቅርቡ ሆስፒታል ተኝተው የወጡ ሰዎች ናቸው። ይህ ትክክል ይመስላል፤ በጣም የታመመው ይቅደም። ነገር ግን ሰው ሕመሙ በጸናበት ሰሞን ተመርጦ ከገባ፣ ማንም ባይነካውም ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ከዚያ ሰሞን ይሻላሉ፤ ወይ ይሞታል። ክረምት ላይ ጎርፍ የገባበትን ቤት መርጦ በጥቅምት «ጎርፉን አስቆምኩ» እንደማለት ነው። ጥቅምት ራሱ ነው ያስቆመው።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ ካምደን ከተማ፣ ደጋግመው ሆስፒታል ለሚተኙና ብዙ ችግር ለተደራረበባቸው ሰዎች የተሠራ ዝነኛ ፕሮግራም ነበር። ነርሶችና የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ቤት ድረስ ይሄዳሉ፣ መድኃኒት ያስተካክላሉ፣ ሐኪም ዘንድ አብረው ይቀርባሉ። 800 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ተጠኑ፤ ውጤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ታተመ። በ180 ቀን ውስጥ ተመልሰው የተኙት ፕሮግራሙ ካገኙት 62.3 በመቶ፣ ካላገኙት 61.7 በመቶ ሆኑ። ልዩነት የለም ማለት ነው። ፕሮግራሙን ያገኙትን ብቻ በፊትና በኋላ ያነጻጸረ ግን 38 የመቶኛ ነጥብ ቅናሽ ያይ ነበር። ያላገኙትም በዚያው ልክ ቀንሰው ነበርና።

ይህን ሳነብ ሪፖርታችን ዓይኔ ላይ መጣ። እኛ የሠራነው ያንኑ ንጽጽር ነበር።

እንደገና የወሰድናቸው እርምጃዎች

መጀመሪያ የምናነጻጽረው ሰው ፈለግን። ቡድኑ ሁሉንም በአንዴ መጎብኘት ስላልቻለ ተራ የሚጠብቁ አረጋውያን ስም ዝርዝር ነበረ። የእነሱንም የሆስፒታል ታሪክ አወጣን። ተራ ጠባቂዎቹም ተኝቶ መታከማቸው ቀንሶ ተገኘ። ሙሉ በሙሉ እኩል ናቸው ብዬ አልደመድምም፤ ነርሷ በደግነቷ ይበልጥ የተቸገሩትን አስቀድማለች፣ ስለዚህ ሁለቱ ቡድኖች ከመነሻው አይመሳሰሉም። ግን «ፕሮግራሙ ቀነሰው» ለማለት የሚያበቃ ነገር በእጃችን እንደሌለ ግልጽ ሆነ። ይህንኑ ለኃላፊዎቹ በጽሑፍ አሳወቅን፤ የቀድሞውን ሪፖርትም አነሳን። ቀላል ስብሰባ አልነበረም።

ከዚያ «አቅመ ደካማ» የምንለው ማንን እንደሆነ ወሰንን። ቀደም ሲል መስፈርቱ ዕድሜ ነበር፤ 60 የሞላው ሁሉ። ዕድሜና አቅም ግን አንድ አይደሉም። በ85 ዓመታቸው ዳገት ወጥተው ቅዳሴ የሚያስቀድሱ አሉ፤ በ66 ዓመታቸው ከአልጋ የማይወርዱም አሉ። ዕድሜ ራሱም እርግጠኛ አይደለም። «ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱ ዳዴ እል ነበር» ያሉን እናት ነበሩ፤ ያ ሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ ተነስተን ቆጠርን። መታወቂያቸው ላይ ያለው ግን ሌላ ነበር።

በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመውና በሰፊው የሚሠራበት መስፈርት አምስት ነገር ይጠይቃል፦ ሳይፈልጉ ክብደት መቀነስ፣ ድካም፣ የእጅ ጭበጣ መላላት፣ አካሄድ መዝገም፣ እንቅስቃሴ ማነስ። ሦስትና ከዚያ በላይ ያለበት ሰው አቅሙ ደክሟል ይባላል፤ አንድ ወይም ሁለት ያለበት ወደዚያው እያመራ ነው። የእጅ ጭበጣ መለኪያ አልነበረንም። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ካወጣው የአረጋውያን የተቀናጀ እንክብካቤ መመሪያ የወንበሩን መለኪያ ወሰድን፤ እጅን ደረት ላይ አጣጥፎ ከወንበር አምስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ በ14 ሰከንድ ውስጥ። መመሪያው ከእንቅስቃሴ ሌላ ማስታወስን፣ አመጋገብን፣ ማየትን፣ መስማትንና የስሜት መዳከምን እንድናይ ያዛል።

ችግሩ ወንበሩ ሆነ። አንዱ ቤት ዱካ አለ፣ ሌላው ቤት ሶፋ፣ ሌላው ቤት አልጋ ብቻ። ከዝቅተኛ ዱካ የሚነሳና ከአልጋ የሚነሳ ሰው አይወዳደሩም። መጨረሻ ላይ ከጤና ጣቢያው አንድ የእንጨት ወንበር ይዘን መዞር ጀመርን። በየግቢው ልጆች «ወንበሮቹ መጡ» ይሉን ነበር። ልኬታችን መተማመኛ ያገኘው ያኔ ነው።

«ተመስገን»

የእርካታ መጠይቅም ነበረን። «በአገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል?» ለሚለው ሁሉም ከፍተኛውን መለሱ። «ጤናዎ እንዴት ነው?» ሲባሉ «ተመስገን» አሉ፤ ሙስሊሞቹ «አልሐምዱሊላህ»። ይህ ውሸት አይደለም። አገራችን ላይ ሰው ቤቱ ድረስ መጥቶ ለጠየቀው እንግዳ «አልረካሁም» አይልም፤ ፈጣሪንም አያማርርም። ጠያቂዋ ደግሞ ራሷ ነርሷ ነበረች፤ መድኃኒት የምታመጣላቸው ልጃቸው ፊት ምን ይበሉ?

ሁለት ነገር ለወጥን። ጠያቂው ከቡድኑ ውጭ የሆነ ሰው እንዲሆን አደረግን። ጥያቄውንም ከስሜት ወደ ድርጊት አወረድነው። «ዛሬ ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ማን ደገፈዎት?» «ትናንት ማታ ምን በሉ? ማን ሠራው?» «ባለፈው ወር ወድቀዋል? የት?» «ከቤት በር ከወጡ ስንት ቀን ሆነዎት?» ለእነዚህ ተመስገን የሚባል መልስ የለም። አንድ አባት «ከቤት ከወጡ ስንት ጊዜ ሆነዎት?» ስንላቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ከጥምቀት ወዲህ» አሉ። የጠየቅናቸው በሰኔ ነው። በመጀመሪያው መጠይቅ ላይ እኚሁ አባት «በጣም ረክቻለሁ» ብለው ተመዝግበዋል።

«ምን ቢሆንልዎ ደስ ይልዎታል?» የሚል ጥያቄም ጨመርን። ሆስፒታል አለመተኛትን የጠቀሰ አልነበረም። ደጋግሞ የመጣው መልስ «ሰው ሳላስቸግር ሽንት ቤት ብሄድ» የሚል ነው። ከዚያ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በእግር መድረስ፣ የእድር ስብሰባ ላይ መገኘት፣ የልጅ ልጅን ፊት አጥርቶ ማየት። እኛ ስንለካ የከረምነው ሌላ ነገር ነበር።

አንድ ፌስታል

ከሁሉም ቤቶች አንዱን በዝርዝር ልጻፍ፤ ፕሮግራሙ በእውነት የሚሠራው የት እንደሆነ ያየሁት እዚያ ነው።

እኚህ እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ ናቸው። ስኳር፣ ደም ግፊትና የልብ ድካም አለባቸው። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ወድቀዋል፤ ሁለተኛው ላይ እጃቸው ተሰብሯል። ካርዳቸው ላይ «በእርጅና ምክንያት መውደቅ» ተብሎ ተጽፏል።

የፋርማሲ ባለሙያው «እማማ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያሳዩኝ» አላቸው። የልጅ ልጃቸው ግድግዳው ላይ ከተመታ ምስማር አንድ ጥቁር ፌስታል አወረደች። አልጋው ላይ ዘረገፍነው። 11 ዓይነት ነበር። አምሎዲፒን የሚባለው የደም ግፊት መድኃኒት ሁለት ጊዜ ተገኘ፤ አንዱ የጤና ጣቢያው፣ ሌላው ከግል መድኃኒት ቤት የተገዛ፣ ስሙም መልኩም የተለየ። የሆነው እንዲህ ነው፤ አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያው መድኃኒቱ አልቆበት «ከውጭ ግዙ» ተባሉ። ገዙ። በሚቀጥለው ወር ጤና ጣቢያው ሲሰጣቸው ያኛውንም ሳያቆሙ ቀጠሉ። ሁለቱ አንድ እንደሆኑ የነገራቸው የለም። ለጉልበታቸው ከክሊኒክ የታዘዘ ዲክሎፌናክም ነበረ፤ እንደ እሳቸው ኤናላፕሪል (ሌላ የግፊት መድኃኒት) እና ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) ለሚወስድ ሰው ኩላሊት አደገኛ ነው።

ላሲክሱን መቼ እንደሚወስዱት ጠየቅናቸው። «ማታ» አሉ። ሐኪሙ ጠዋት ብሎ ነበር ያዘዘው። ለምን ማታ? አንገታቸውን ደፉና «ጠዋት ኪዳን አደርሳለሁ። እሱን ከዋጥኩ ሽንቴ አይዝልኝም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማን ያሳፍረኛል?» አሉ። ስለዚህ ማታ ይወስዳሉ፤ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ይነሳሉ፤ መጸዳጃው ከግቢው ማዶ ነው፤ ደረጃው ድንጋይ ነው፤ መብራት የለም፤ የዓይን ሞራ አላቸው። የወደቁት ሁለቱንም ጊዜ ሌሊት፣ ያው ደረጃ ላይ ነው።

የስኳራቸው መድኃኒት ግሊቤንክላማይድ ነበር። በአረጋውያን ላይ፣ በተለይ ኩላሊት ሲደክም፣ ሰውነት ውስጥ ቆይቶ ስኳርን ከልክ በታች ያወርዳል። እሳቸው ደግሞ በጾም እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ ኪኒኑን ግን ጠዋት ይውጣሉ። «በጾም ወቅት ላብ ላብ ይልዎታል? ይንቀጠቀጣሉ?» ስንላቸው የልጅ ልጃቸው ቀድማ «አዎ፣ እኔማ የጾሙ ድካም መስሎኝ ነው» አለች።

ይህን ሁሉ ማንም ሐኪም በአምስት ደቂቃ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ሊያገኘው አይችልም። ጤና መኮንኑ ለሆስፒታሉ ሐኪም ደወለ፤ የስኳሩ መድኃኒት ተቀየረ፣ ዲክሎፌናኩ ቆመ፣ ትርፉ አምሎዲፒን ወጣ። ላሲክሱ ከኪዳን መልስ ረፋድ ላይ እንዲሆን ተስማሙ። ለሌሊት ፖፖ ተገዛ። ስለ ጾሙ የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ነገርናቸው፤ እሳቸውም ሕመምተኛ መድኃኒቱን በምግብ እንዲወስድ ፈቀዱላቸው። እኛ ብንል የማይሰሙትን ከንስሐ አባታቸው ሰሙ።

ፕሮግራሙ ዋጋ አለው የምለው በዚህ ነው። ይህ ለውጥ ግን «ተኝቶ ታክሟል/አልታከመም» በሚለው ሠንጠረዥ ላይ ምንም ምልክት አልተወም። ከፕሮግራሙ በፊት ባሉት ስድስት ወራትም አልተኙም፣ በኋላ ባሉትም አልተኙም።

የተሳካውና ያልተሳካው

የፌስታሉ ሥራ ተሳክቷል። በየቤቱ ማለት ይቻላል የሚስተካከል ነገር ተገኝቷል፤ የተደገመ መድኃኒት፣ ጊዜው ያለፈበት፣ ለጎረቤት ታዝዞ የተጋራ። ጊዜና አንድ የፋርማሲ ባለሙያ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ከእድሮቹ ጋር የተደረገው ቅንጅትም ተሳክቷል፤ ማን እንደታመመ ከጤና ጣቢያው ቀድመው ያውቃሉ።

ደብተሩ በግማሽ ተሳክቷል። ቡድኑና ፋርማሲው ይጽፉበታል። ሆስፒታል ውስጥ ግን ሐኪሞቹ በየወሩ ይቀያየራሉ፤ አዲሱ ሐኪም ደብተሩን አያውቀውም፣ ቤተሰብም «ዶክተር እዚህ ላይ ይጻፉልን» ለማለት ይፈራል። ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ የሚሰጠው ማጠቃለያ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ፍራሽ ሥር ይገባል።

ያልተሳካው ትልቁ ነገር ሁሉም በነርሷ ትከሻ ላይ መሆኑ ነው። የሐኪሞቹን ስልክ የምታውቀው እሷ ናት፤ አረጋውያኑ የሚደውሉት ለእሷ የግል ስልክ ነው። ዝውውር ደርሷት ስትሄድ ጉብኝቱ ለሁለት ወር ያህል ቆመ። የተቀናጀው አገልግሎቱ ሳይሆን አንዲት ሴት ነበረች። የመጀመሪያው ግምገማ ይህን አልጠየቀም፤ መጠየቅ ነበረበት።

አስታማሚዎቹንም ዘንግተናቸው ነበር። ጉብኝቱ በበዛ ቁጥር የልጅ ልጆችና የቤት ሠራተኞች ሥራ ጨመረ፤ መድኃኒት በሰዓት ማስታወስ፣ ፖፖ መድፋት፣ እግር ማንቀሳቀስ። የአንዷ ትምህርት ቤት መቅረት ጨምሯል። ይህ ወጪ ነው፤ በማንም በጀት ላይ ግን አልተጻፈም።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ሊሄድ የሚችለው ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ነው፤ ንጽጽሩን ፕሮግራሙ ሳይጀመር አስቡት። ከተጀመረ በኋላ ተስማሚ ማነጻጸሪያ ለማግኘት ያደረግነው ሙከራ ሁሉ ጎደሎ ሆነ። የሞቱትንና የሄዱትን ለብቻ ቁጠሩ፤ ባዶ ሳጥን ውስጥ «0» አትጻፉ። በፈረሰና በሚፈርስ ሰፈር ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ስልክ ያዙ፤ የራሱንና ሌላ ሰፈር ያለ ዘመድ።

የባለሙያ እምነትን ለብቻው ማስረጃ አታድርጉት። በእንግሊዝ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ16 ቦታዎች የተቀናጀ እንክብካቤ ሲሞከር ሠራተኞቹ አገልግሎቱ ተሻሽሏል ብለው አምነዋል፤ ሕመምተኞቹ ግን ያንን መሻሻል አላዩትም፣ ድንገተኛ መተኛትም አልቀነሰም። የእኛ ቡድንም በቅንነት ያምን ነበር። እኔም አምኜ ነበር። የታመመ ሰው ቤት ገብቶ የሠራ ሰው ሥራው እንደረዳ ማመኑ አይቀርም፤ ለዚህም ነው ሌላ ሰው መለካት ያለበት።

«ተኝቶ መታከም» ከመለኪያዎቹ አንዱ ይሁን እንጂ ዋናው አይሁን። እንዲያውም በአግባቡ የሚሠራ ቡድን መጀመሪያ ላይ ተኝቶ መታከምን ሊጨምር ይችላል፤ ቤት ተደብቆ የነበረ ስብራት ወይም የዓይን ሞራ ይገኛልና። ይህንን ለኃላፊዎች አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ቢነገር ማመካኛ ይመስላል።

ሁለተኛው ዙር

ለሁለተኛው ዙር ተራውን በዕጣ ለማድረግ ሐሳብ አቀረብን። የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ጠየቅን፤ የፌስታሉ ፍተሻ ለሁሉም ወዲያው እንዲደረግ፣ ዕጣው የሙሉ የቤት ጉብኝቱን ቅደም ተከተል ብቻ እንዲወስን ተፈቀደ። እኔን ያስፈራኝ ሰፈሩ ነበር። «ለታመመ ሰው ዕጣ?» ይሉናል ብዬ ጠበቅሁ።

ጉዳዩን ለእድሩ ሽማግሌዎች አስረዳን፦ ሁሉም ይደርሳቸዋል፣ ማን ቀድሞ ማን ኋላ እንደሚሆን ግን እኛ አንመርጥም። የእድሩ ዳኛ ጥቂት አሰቡና «እንደ እቁብ ነዋ» አሉ። «ሁሉም ይበላል፤ ማን እንደሚቀድም ዕጣው ያውቃል። ነርሷ ስትመርጥ ሰዉ ያማ ነበር፤ ይሄ ይሻላል።»

ዕጣው የወጣው በእድሩ አዳራሽ፣ በወሩ የስብሰባ ቀን ነው። ስሞቹ በትንንሽ ወረቀት ተጽፈው፣ ተጠቅልለው፣ ሰሃን ላይ ተደረጉ። ያወጣችው የአንድ አባል የ7 ዓመት ልጅ ናት። የእድሩ ጸሐፊ፣ መጀመሪያ ስህተታችንን ያሳየን ሰው፣ አጠገቧ ቆሞ ቁጥሩንና ስሙን በእድሩ መዝገብ ላይ እየጻፈ ለሁላችን ጮክ ብሎ ያነብ ነበር።